የብርቱካን ወንፈል

ብርቱካንን ያወቅኋት በሌላ ሰው በሽተኛ ምክንያት ነው። በሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ወገዳ ውስጥ፣ ሁለት ክፍል ባላት ጤና ጣቢያ ድሬሰር፣ ማለት ቁስል አጣቢና አሳሪ፣ ሆኜ ተመደብኩ። ላገሩ ሰው ድሬሰርና ሐኪም አንድ ነው፤ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሁሉ ሐኪም ነው። እኔም በሃያ አራት ዓመቴ ሐኪም መባሉን አልጠላሁትም።

ከወገዳ በበቅሎ ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ መንደር ፋንቱ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። የባሏን እናት እማሆይ የሻረግን ትጦራለች። ቆብ የደፉ ባልቴት ናቸው፤ ወገባቸው ከከዳቸው ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ጀርባቸው ቆስሎ አስጠራችኝ። መደቡ ላይ አዙሬ ሳያቸው ዳሌያቸው ላይ እፍኝ የሚያህል ጉድጓድ ተከፍቷል። ተናደድኩና ፋንቱ ላይ ጮህኩባት። ከዚያ እጇን አየሁት፤ በእንዶድና በአመድ ውሃ ተልጦ ቀልቷል። ቀን እርሻውና ወፍጮው፣ ማታ እማሆይ። ይችን ሴት የሚቆጣ ቢታጣ ቢታጣ መንግሥት ከሩቅ አገር ደመወዝ ከፍሎ ላከላት። በጣም አፈርኩ።

ከዚያ በየሐሙሱ መሄድ ጀመርኩ። ቁስሉን እያጠብኩ፣ የጤፍ ጭድ በስልቻ ሞልተን ከዳሌያቸው ሥር እያደረግን፣ ጧት፣ ቀትር፣ ማታና ሌሊት ጎናቸውን እንድትለውጥ ለፋንቱ አሳየኋት። በሦስት ወሩ ቁስሉ ጠገገ። እማሆይ መረቁኝ፤ እኔም ራሴን እንደ ትልቅ ሰው ቆጠርኩት።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ፋንቱን ስታለቅስ አገኘኋት። አንድ ልጇ ባንቺዓለም ወደ መካነ ኢየሱስ በኩል፣ እስቴ ነው የተዳረችው። የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት መጥታ መውለድ ወጉ ነበር፤ ግን እግሯ አብጦ መራመድ አቅቷት ቀረች።

«ራሷንም ይፈልጣታል አሉ» አለችኝ ፋንቱ።

ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። ያበጠ እግርና የሚፈልጥ ራስ በእርጉዝ ሴት ላይ ምን ማለት እንደሆነ ተምሬያለሁ።

«እትዬ ፋንቱ፣ ዛሬውኑ ሂጂ። ወደ ሐኪም ቤት እንዲያደርሷት አድርጊ» አልኳት።

«እማሆይንስ ለማን ጥዬ?»

መንገዱ ሁለት ቀን ነው፤ ከሰኔ በኋላ ደግሞ ወንዙ አያሻግርም። እኔ ልቀመጥ ብል ሥራ አለኝ፤ እማሆይም ቁስላቸውን እንጂ ገላቸውን ለወንድ አይሰጡም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ያ አገር አጨዳውን በወንፈል ነው የሚወጣው፤ ዛሬ እኔ ላንተ እውላለሁ፣ ነገ አንተ ለእኔ ትውላለህ። ማስታመምስ ለምን በወንፈል አይሆንም? እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የመንደሩን ሴቶች ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ሰብስቤ፣ አንዲቱ ለፋንቱ ስምንት ቀን እንድትውልላት፣ ፋንቱም በተራዋ እንድትመልስ ለመንኩ።

መጀመሪያ ካሣነሽ የምትባል የፋንቱ ጎረቤት ተነሣች።

«እንዴው ሐኪም፣ ወንፈሉ የሚመለሰው መቼ ነው? እኔ አልጋ ስይዝ? ወይስ እናቴ ስትይዝ? አጨዳ ይመጣል ብለን እንጠብቃለን፤ አልጋ ይመጣል ብለን እንጠብቅ? ሟርትህን ወዲያ!»

ሁሉም አማተቡ። ክፉዎች አልነበሩም፤ የፋንቱን ገብስ ሳይጠሩ የሚያጭዱላት እነሱ ናቸው። ይኼን ቀን መቀበል ግን በገዛ ቤታቸው ላይ በሽታ መጥራት ሆነባቸው።

ከኋላ አንዲት ቀጭን ሴት እንዝርቷን ወደ ጉያዋ ከትታ ወጣች። ብርቱካን ናት። ሦስት ባል አግብታ፣ ሦስቱም መውለድ አልቻለችም ብለው ሸኝተዋታል። በወንድሟ ማሳ ዳር ጎጆ ቀልሳ ጥጥ እየፈተለች ትኖራለች። ምላሷ ስለሚናደፍ ብዙ ሰው አይጠጋትም ነበር።

«እኔ እቀበላለሁ። እኔ እንደሁ መተኛቴ አይቀርም፤ የሚያገላብጠኝ ልጅም የለኝ። ፋንቱ ትመልስልኝ» አለች።

«ላም አለኝ በሰማይ!» አለች ካሣነሽ። ሴቶቹ ሳቁ።

«ዋስ ትጥራልኛ!» ብላ ብርቱካን እኔን አየችኝ።

«ዋሷ እኔ ነኝ» አልኩ። ቃሉ ሲወጣ ምንም አልከበደኝም።

ፋንቱ በማግስቱ ስንቋን ይዛ ሄደች። ሐኪም ቤት የሚያደርስ ጊዜ ግን አላገኘችም። ባንቺዓለም እናቷ በደረሰች በማግስቱ ሴት ልጅ ወልዳ፣ እዚያው ስትንቀጠቀጥ ውላ ሞተች። ሕፃኗ ተረፈች። ዝናቡ ገባ፣ ወንዙ ሞላ፣ ስምንቱ ቀን ክረምቱን ሙሉ ሆነ።

ብርቱካን አንድ ቀን ቀርታ አታውቅም። እንዳሳየኋት አራት ጊዜ ታገላብጣቸዋለች፤ ስታገላብጥም ትጨቃጨቃለች።

«አንቺ መካን፣ ቀስ በይ! አጥንቴን ሰበርሽው» ይላሉ እማሆይ።

«መካን ባልሆን ማን ያገላብጥዎ ነበር?»

እማሆይ ይሄን ሲሰሙ ጥርስ በሌለው አፋቸው ይስቃሉ። እሷም ፊቷን አዙራ ትስቃለች። ያን ክረምት ደስ ብሏት ነበር ብል ውሸት አይሆንብኝም፤ የምትነዘንዘው ሰው አገኘች።

እማሆይ ነሐሴ ላይ አረፉ። የገነዟቸው ሴቶች ገላቸው ላይ አንድ ቁስል አላገኙም። ለቅሶው ሳይበርድ የፋንቱ ባል ወንድሞች ቤቷንና መሬቷን ወሰዱ፤ ለእናታቸው አንድ ቀን ውሃ ያላሞቁ ሰዎች ለርስቱ ፈጥነው ደረሱ። ዛሬም ሳስባቸው ደሜ ይፈላል። ፋንቱ ወንዙ ሲጎድል ብትመጣ እንኳ የምትገባበት ጣሪያ አልነበራትም።

በቀጣዩ ጥር ላይ ብርቱካን ምድጃዋ ሥር ወድቃ ተገኘች። ግራ ጎኗ በድን ሆኗል። ከወንድሟ ቤት እንጀራ ይመጣላታል፣ ጎረቤት ውሃ ያስቀምጥላታል፤ ገላዋን የሚነካ ግን ጠፋ። «ወንፈሉን ስትቀበል በሽታውን ጠራችው» አለ መንደሩ በሙሉ። ካሣነሽ ሁለት ቀን ተደብቃ መጥታ አጠበቻት፤ በሦስተኛው ቀን የራሷ ልጅ ሲያተኩሰው ጊዜ ደንግጣ ቀረች። ወንፈል ያልኩት እኔ ነኝና ማንን ልቆጣ?

እኔ በየሐሙሱ እሄዳለሁ። በሐሙስና በሐሙስ መካከል ግን ስድስት ቀን አለ። የግራ ዳሌዋ ቆሰለ። ገረድ ቀጥሬ ልስጣት ብዬ ሴት አፈላለግሁ፤ ስሟን ስጠራ ሁሉም ይሸሻል። ወደ ፋንቱ በገበያተኛ ላክሁ። ዋለ የሚባል ጨው ነጋዴ መልሱን አመጣልኝ፤ «ቀኗን አልካድኩም በላት። ሕፃኗን የላም ወተት በጡጦ እያጠባሁ ነው የያዝኋት፤ አባቷ ከቤት አትወጣም ብሎኛል። ጥያት ብመጣ ትሞታለች። ምን ላድርግ?» ብላለች። ለብርቱካን ሳልነግራት ሰነበትኩ።

የካቲት ላይ ወደ ንፋስ መውጫ የተዛወርኩበት ደብዳቤ ደረሰኝ። ተተኪዬ ከፋሲካ በኋላ ይመጣል ተባለ። እንዲያቆዩኝ ሁለት ጊዜ ጻፍኩ፤ መልስ የለም። የመጨረሻው ሐሙስ ገላዋን አጠብኳት፣ ቁስሉን አሰርኩላት፣ በደህናው ጎኗ ወደ በሩ አስተኛኋት።

«ፋንቱ ምን አለች?» አለችኝ።

«መንገድ ላይ ናት።»

«ሕፃኗንስ ለማን ሰጥታ?»

የፋሻውን ጫፍ እንደ አዲስ ማሰር ጀመርኩ።

«ጥላት ብትመጣ ነበር የምቀየማት» አለች። «በል ወደ ግድግዳው አዙረኝ። ይኼን በር ሰው ይገባል እያልኩ ማየት ሰለቸኝ» አለችኝ።

ወደ ግድግዳው መዞር በቁስሉ ላይ መተኛት ነው። የሚያዞራት ሌላ ሰው እንደማይመጣም አውቃለሁ። ለመንኳት፤ እምቢ አለች። አዞርኳት።