የአራስ ቢላዋ

በአማቴ አገር አራስ ሴት ያለ ብረት አትተኛም። ቢላዋም ይሁን ማጭድ፣ ከቤት የተገኘ ስለት ከራስጌዋ ይቀመጣል፤ ወደ ጓሮ ስትወጣም ይዛው ትወጣለች። ክፉ መንፈስ ብረት ይፈራል ተብሎ ነው። ልማዱ በእኛም በዳንግላ ነበረ፤ ነገር ግን ከተማ ውስጥ አንዳንዱ ሰው ትራሱ ላይ መርፌ ይሰካና በዚያው ያበቃል። አማቴ በመርፌ የሚረኩ ሴት አልነበሩም። የቀንድ እጀታ ያላት አጭር ቢላዋ ነበረቻቸው። ልጆቻቸውን ሁሉ ሲወልዱ ከራስጌያቸው የነበረችው እሷ ናት። እኔ የመጀመሪያ ልጄን ስወልድም ሞርደው፣ በጨርቅ ጠርገው አጠገቤ አኖሯት።

ዘመኑ የንጉሡ ዘመን ነው። እኔ ደብረ ማርቆስ ሁለተኛ ደረጃ ስማር ቆይቼ ያገባሁ የከተማ ልጅ ነበርኩ። ባለቤቴ ዳንግላ ያስተምር ነበር። እናቴ በሕይወት ስላልነበረች የሚያርሰኝ ሰው አልነበረኝም፤ ስለዚህ ለመውለድ የሄድኩት ከእንጅባራ አለፍ ብሎ ወዳለው ወደ ባለቤቴ እናት ቤት ነው። አማቴ አፋቸውን የፈቱት በአገውኛ ነው። አማርኛውን የተማሩት ገበያ ላይ ስለሆነ እንደ ገበያ ሰው አጠር አድርገው ይናገሩታል። መጀመሪያ የተቆጡ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ነው አነጋገራቸው እንደሆነ የገባኝ።

ልጅቷ ጤናማ ነበረች። እኔም ሰውነቴ በርታ ብሎ ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ አማቴ እርሻ ወርደው ልጅቷ መደቡ ላይ አጠገቤ ተኝታለች። ጨርቋን ላስተካክል ስል ቢላዋዋ መንገድ ላይ ሆነችብኝና አነሳኋት። ያኔ ነው የመጣው። በዚህች ቢላዋ ልጅሽን ብትጎጂያትስ የሚል ሐሳብ። ድምፅ አልሰማሁም፤ ማንም አልተናገረኝም። የራሴ ሐሳብ ነበር፤ ያስፈራኝም እሱ ነው።

ልጅቷን አልጠላኋትም። አልተናደድኩባትም። እንዲህ ያለ ነገር ከየት መጣ ብዬ ብፈልግ ምንም አላገኘሁም።  ቢላዋዋን ይዤ ተነሳሁና ከጎታው ኋላ፣ ከግድግዳው ጋር ባለው ክፍተት ጣልኳት።

ቢላዋዋ ስትደበቅ ነገሩ የሚቀር መስሎኝ ነበር። አልቀረም። እሳት ዳር ስቀመጥ እሳቱን ይዞ መጣ። ልጅቷን ስናጥብ የፈላውን ውሃ ይዞ መጣ። በር ላይ ስቆም ደግሞ ዘንገናን ያመጣብኛል። ዘንገና ከቤቱ ብዙም የማይርቅ፣ ዙሪያውን ጫካ የከበበው፣ ጥልቀቱን ማንም አያውቀውም የሚባል ሐይቅ ነው። በስመ አብ እላለሁ፤ ክንዴን እቆነጥጣለሁ፤ ዞር ብዬ ግድግዳ አያለሁ። ባባረርኩት ቁጥር ቶሎ ይመለሳል። ልጅቷን ማጠብ ተውኩ። ጡት ሰጥቻት ወዲያው ለአማቴ አቀብላለሁ። እሳቸው የመጀመሪያ ልጅ ስለሆነች እጄ ፈርቶ መሰላቸው።

ለሰው ብናገር አብዳለች ተብዬ ታስሬ ጠበል የምወሰድ መሰለኝ። ከዚያም የባሰው፣ ሐሳቡ እውነት ቢሆንስ የሚለው ነበር።

የቢላዋዋ መጥፋት የታወቀው አማቴ መኝታዬን ሊያነጥፉ ሲሉ ነው።

«ብረቷ የታለች?» አሉ።

«እንጃ፣ እማማ።»

ቁርበቱን አነሱ፣ ከመደቡ ሥር ጎንበስ ብለው አዩ። በዚህ መካከል ጎረቤታችን ገንፎ ይዛልኝ ገባች። ቀልደኛ ሴት ናት፤ ከአማቴ በዕድሜ ታንሳለች። አማቴ ቀና ብለው አዩዋት።

«አንቺ፣ ሰሞኑን እዚህ ተቀምጠሽ ነበር።»

«ተቀምጬ ነበር።»

«የአራሷ ብረት የለችም።»

«እና እኔ ወሰድኳት? እትዬ፣ እኔ ቢላዋ የምሰርቅ ከሆነ የሚቆርጥ ቢላዋ ነው የምሰርቀው።»

«ሞርጃት ነበር፤ ትቆርጣለች።»

«እንግዲያው ገንፎውን በማንኪያ ብሉት» አለችና ሳህኑን አስቀምጣ ወጣች። ቀልዷ እንደ ሌላው ቀን አልነበረም። እኔ አቀርቅሬ የነጠላዬን ጫፍ እጠቀልል ነበር።

አማቴ ወደ ጓዳ ገብተው ማጭድ ይዘው ወጡ። ሰሞኑን የተሞረደ፣ ጥርሱ ነጭ የሆነ ማጭድ ነበር። «ቢላዋ ቢጠፋ ማጭድ አለ» ብለው ከትራሴ አጠገብ አስተካክለው አስቀመጡልኝ። ፊቴ የገረጣው ብረቷ ስለጠፋች ነው ብለው ነበር፤ ስለዚህ ተለቅ ያለ ብረት አመጡልኝ። ከዚያ በኋላ እህል አልወርድ አለኝ። ወተቴም ቀነሰ።

በማግሥቱ አማቴ በር አጠገብ ተቀምጠው ጎመን ይከትፋሉ፤ ልጅቷ እግራቸው ሥር ተኝታለች። ሌሊቱን ሳስበው ያደርኩትን ተናገርኩ።

«እማማ፣ ልጅቷን እርስዎ ያሳድጓት። እኔ ወደ ዳንግላ ልመለስ።»

«ልጄ ምን አደረገሽ?»

«ምንም አላደረገኝም።»

«እኔስ?»

«እርስዎም ምንም።»

«ይቺ ጨቅላ ነች ታዲያ ያስቀየመችሽ?»

ነገርኳቸው። ቢላዋውን፣ እሳቱን፣ ሐይቁን ሁሉ ነገርኳቸው። መሬት መሬቱን እያየሁ ነው የነገርኳቸው፤ ግን ጆሮዬ ክትፊያውን ይሰማ ነበር። ክትፊያው አልቆመም። ዛሬም ድረስ የማደንቀው ይህን ነው። ያን ጊዜ እጃቸው ቆሞ ቢሆን፣ ልጅቷን ከመሬት አንስተው ቢያቅፏት፣ ምንም ቃል ሳይናገሩ ይፈርዱብኝ ነበር፤ እኔም ተነስቼ እሄድ ነበር። ቅጠሉን እየጠቀለሉ መክተፋቸውን ቀጠሉ።

«ሲመጣብሽ ደስ ይልሻል?» አሉኝ።

«እንዴት ደስ ይለኛል? ይገድለኛል እንጂ።»

«እንግዲያው ምንም አታደርጊያትም።» ቀጥለው ደግሞ፣ እንደ ተራ ወሬ፣ «እኔም መጥቶብኝ ያውቃል» አሉ።

ቀና አልኩ።

«ይሄን ትልቁን አዝዬ ነው። ገበያ ስሄድ። ዘንገና አፋፍ ላይ ስደርስ፣ ወርውሪው አለኝ።»

«ትልቁን ማለት...»

«ባልሽን ነው።»

ወደ እሳቸው ጠጋ አልኩ።

«ከዚያስ ምን አደረጉ?»

«መንገድ ቀየርኩ። በሜዳው በኩል ዞርኩ። ክረምቱን በሙሉ ስዞር ከረምኩ። ገበያ ስደርስ ሰዉ ወደ ቤቱ ይመለሳል።»

«ሲዞሩስ ተወዎት?»

«እሱም ዞሮ መጣ። ሐይቅ የለም፤ ወንዝ አሳየኝ። ወንዙን ስሸሽ ጉድጓድ አሳየኝ። በመጨረሻ ደከመኝ። በአፋፉ ተመለስኩ። ሲመጣ፣ መጣህ? አልኩት። እኔ ጨው ልገዛ ነው፣ ከፈለግህ ተከተለኝ አልኩት።»

«ሄደልዎት?»

«የት ይሄዳል። ተከተለኝ። ጨው ሳማርጥ ግን ረሳሁት።»

«እንዲህ አድርጊ ብሎ ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል? ለማንም አልተናገርኩም። ዛሬ ላንቺ መናገሬ ነው።» ጥቂት ከትፈው ቀጠሉ። «እኔ በአገውኛ ነበር የማናግረው። ያንቺው የከተማ ስለሆነ በአማርኛ ንገሪው።»

ሳቅኩ። ከወለድኩ ወዲህ እንደዚያ የሳቅኩ አይመስለኝም።

«አሁን ብረቷ የት ናት?» አሉ።

«ከጎታው ኋላ።»

እጃቸው የቆመው ያኔ ነው። «ያቺን ምስኪን ሌባ አደረግኋት» አሉና ተነሱ።

ቢላዋዋን በበትር ጎትተው አወጧት። አቧራዋን በቀሚሳቸው ጠረጉ። ወደ ጓዳ የሚወስዷት መስሎኝ ነበር። እጄ ላይ አኖሯት። የጎመኑን መክተፊያ ወደ እኔ ገፉት፤ ልጅቷንም ከነጨርቋ ጎትተው ጎኔ አደረጓት።

«ጨርሺው። እኔ ፈረሱን ውሃ ላጠጣ ነው» ብለው ወጡ።

በሩ ክፍት ነበር። ፈረሱን ከአጥሩ ፈትተው ወደ ወንዙ ሲወርዱ ጀርባቸውን አየሁ። ዞር ብለው ያዩኝ እንደሆነ ጠበቅሁ። አልዞሩም። የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ናት፤ የነገርኳቸውን ሁሉ ሰምተዋል፤ አልዞሩም። በእኔ ላይ እንዲህ ያለ እምነት የጣለ ሰው ከዚያ በፊት አላውቅም፤ ከዚያም በኋላ ብዙ አላጋጠመኝም።

ጎመኑን መክተፍ ጀመርኩ። መጣ።  «መጣህ?» አልኩ በቀስታ። «እኔ ጎመን እየከተፍኩ ነው።» አልሄደም። እኔም አልተነሳሁም። እንደዚያ ሆነን ጎመኑ አለቀ። ልጅቷ ነቅታ ስታለቅስ አንስቼ፣ ጎመን ጎመን በሚሸት እጅ አቅፌ አጠባኋት። አማቴ ሲመለሱም ለእሳቸው አላቀበልኳትም።

ወጡን ስንበላ ከሳህናቸው አንድ እንደ መዳፍ የሰፋ ቅጠል አንስተው አዩት።

«ይሄን የከተፍሽው ለእኛ ነው ወይስ ለበሬዎቹ?» አሉ። ስለዚያ ቀን ሌላ አልተናገሩም።

በማግሥቱ አንድ ገንቦ ጠላ ይዘው ጎረቤታችን ዘንድ ሄዱ። በአገውኛ የተባባሉትን ራሷ ናት መጥታ በአማርኛ የነገረችኝ። «እኔው ነኝ ከጎታው ኋላ የጣልኳት፣ አርጅቻለሁ» ብለዋት ነበር። «እኔም ጠላው ለካሣ ከሆነ ቀጥኗል አልኳቸው» አለችኝ እየሳቀች። አማቴ እዚያው ተቀምጠው ገብስ ይለቅሙ ነበር። እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት በዓይናቸው ከለከሉኝ። ለልጃቸውም አልነገሩትም። ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲመጣ «እንዴት ናቸው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ «ሚስትህ ጎመን መክተፍ ለምዳለች» ይሉታል። ከተማ ያደገች ስለሆንኩ ይስቃል።

ሁሉ ቀን አንድ ዓይነት አልነበረም። ቢላዋዋን አስቀምጬ ከልጅቷ ራቅ ብዬ የተቀመጥኩባቸው ቀኖች ነበሩ። አማቴ ያዩኛል፤ ግን አይመክሩኝም፤ ልጅቷንም አይወስዱብኝም። «ጎመን አለ» ይላሉ፤ ጎመን ሲያልቅ ሽንኩርት፣ ሽንኩርት ሲያልቅ ድንች። ማጭዱም ወደ ቦታው ተመለሰ።

ሰማንያ ቀኑ ሞልቶ ልጅቷ ክርስትና የምትነሳበት ቀን ደረሰ። ቤተ ክርስቲያኑ ከዘንገና ማዶ ነበር። ባለቤቴና የክርስትና እናቷ ቀድመው ሄደዋል። እኔና አማቴ ወጥተን መንገዱ ለሁለት ከሚከፈልበት ደረስን፤ አንዱ በሜዳው ይዞራል፣ አንዱ በአፋፉ ያልፋል። አማቴ ቆሙ። ልጅቷን ያዘልኳት እኔ ነበርኩ።

«በየት ይሻልሻል?» አሉኝ።

«በሜዳው ብንሄድ ይረፍድብናል፣ እማማ።»

ራሳቸውን በእሺታ ነቅንቀው በአፋፉ ገቡ። ከፊት ከፊት ይሄዳሉ፤ እኔ እከተላለሁ። በዛፎቹ መካከል ውሃው መታየት ሲጀምር እርምጃዬ ዘገየ። ሳይዞሩ ጠየቁኝ።

«መጣ?»

«መጣ፣ እማማ።»

«ይምጣ» አሉ፤ «ጠባብ ነው መንገዱ፣ ከኋላችን ይሁን።»

ክርስትና ልናስነሳ ነው አልኩት በልቤ፣ በአማርኛ። ልጅቷ ጀርባዬ ላይ ተኝታ ነበር። አማቴ እርምጃቸውን አላፈጠኑም፣ አላዘገዩም። ቤተ ክርስቲያኑ ስንደርስ ቄሱ ገና አልጀመሩም ነበር፤ ልጅቷን ከጀርባዬ ያወረድኳት እኔው ነኝ።