እራት ያልገባበት የጉዞ ዕቅድ

መሥሪያ ቤቱ ከመድኃኒት ቤት በላይ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ሦስት ጠረጴዛ፣ አንድ ማተሚያ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ፀሐይ ያደበዘዛቸው የአሸዋና የውሃ ፎቶዎች አሉ። በመስኮቱ በኩል ያለው ጠረጴዛ የእሷ ነው። ባልደረቦቿ «እትዬ ደሴት» ይሏታል። አንዱ ትኬት ይቆርጣል፣ ሌላዋ የቪዛ ወረቀት ታሟላለች፤ እሷ ግን ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ወደ ደሴት ስትልክ ነው የኖረችው።

ራሷ ደሴት የረገጠችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ዓመት፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚሉት የመሥሪያ ቤቱ ባለቤት የምትሸጠውን ነገር በዓይኗ እንድታይ ብሎ ለስድስት ቀን ላካት። አብረዋት ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች የመጡ ሠራተኞች ነበሩ። አራት ደሴት አዳረሱ። ሌሎቹ አሸዋ ላይ ተጋድመው ፎቶ ሲነሱ እሷ ከቦርሳዋ የልብስ ሰፊ ሜትር አውጥታ የአልጋ ቁመት ትለካ ነበር። ከጀልባ መውረጃው እስከ መኝታ ክፍሉ ስንት ደረጃ እንዳለ ቆጠረች። ጄኔሬተሩ የሚያጓራው ከየትኛው ክፍል ጀርባ እንደሆነ ደብተሯ ላይ ጻፈች። ጀልባ ላይ ግን አንጀቷ እስኪወጣ አስመለሳት፤ ቤቷ ስትገባ ለባሏ ያለችው «ውሃው ያምራል፤ ከሩቅ» ብቻ ነው። ያን ደብተር ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ወደ ሆቴሎቹ እየደወለች፣ ከጉዞ የተመለሱትንም እየጠየቀች ታድሰዋለች።

ደሴት ሲባል ለሰው ሁሉ የሚታየው አንድ ነገር ነው፤ ነጭ አሸዋ፣ ዘንባባ፣ ሰማያዊ ውሃ። እሷ «ለማን?» ብላ ነው የምትጀምረው። እፍ ክንፍ ያሉ ሙሽሮች መጥተው ውሃ ላይ የተሠራውን የእንጨት ቤት ሲመርጡ፣ «ወለሉ ይንቋቋል፤ ጎረቤት ይሰማል» ትላቸዋለች። ሙሽራይቱ ታቀረቅራለች፤ ሙሽራው የዳር ቤት ካለ ይጠይቃል። ትንንሽ ልጆች ያሏቸውን ማዕበል ወደማይደርስበት፣ ውሃው ከጉልበት ወደማያልፍበት ወገን ትልካቸዋለች። እግሩን የሚያመውን አዛውንት ትንሽ ጀልባ ላይ አታንጠለጥለውም፤ አውሮፕላኑ ራሱ የሚያርፍበት፣ ክሊኒክም ያለበት ደሴት ትፈልግለታለች። ብቻውን የሚሄድ ሰው ሲመጣ «ሰው ሽሽት ነው ወይስ ሰው ፍለጋ?» ብላ ትጠይቀዋለች። ደሴቱን የምትመርጥለት በመልሱ ነው።

ባልና ሚስት ሲሆኑ ለየብቻ ወረቀት ትሰጣቸዋለች። ጠዋት ስንት ሰዓት ትነሳላችሁ? ቶሎ የሚርበው ማን ነው? ሲሰለቻችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

«ፈተና ነው እንዴ?» ይሏታል።

«ፈተናውስ እዚያ ነው። ይኼ ጥናቱ ነው።»

ቀያሹና መምህሯ የመጡት አንድ ዝናባማ ቀን ነበር። እሱ ዕድሜውን ሙሉ መንገድ ሲቀይስ ኖሮ በቅርቡ ጡረታ የወጣ፣ ፊቱን ፀሐይ የጠበሰው፣ ቁጭ ማለት የማይሆንለት ሰው ነው። እሷ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናት። በትዳር ሃያ ስድስት ዓመት ኖረዋል። ሁለቱ ልጆቻቸው ሥራ ይዘው ከቤት ከወጡ በኋላ ተመካክረው የአሥር ቀን የደሴት ሽርሽር ስጦታ አድርገውላቸዋል።

«እኔ መጥለቅ እፈልጋለሁ» አለ ቀያሹ ገና ሳይቀመጥ። «ዓሣ ማጥመድም። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ውሃ ውስጥ መሆን አለብኝ።»

«እርስዎስ?» አለች እትዬ ደሴት ወደ ሚስትየዋ ዞራ።

«እሷም ትለምደዋለች» አለ እሱ።

«እኔ እንኳ የምፈልገው መተኛት ነው» አለች መምህሯ። «ስነሳ ደግሞ ማንም ምንም እንዳይጠይቀኝ። በቀን ስንት ሰው ቢሮዬ ብቅ እያለ ‹ይኼስ እንዴት ይሁን?› እንደሚለኝ ቢያዩ ያዝኑልኛል።»

«ደሴት ድረስ ሄደሽ ልትተኚ?» አላት ባሏ።

«አንተስ ደሴት ድረስ ሄደህ ሥራ ልትገባ?»

ሦስቱም ሳቁ። ወረቀታቸውን ሞልተው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው ወጡ።

የመምህሯ ወረቀት ግርጌ ላይ፣ ‹ሌላ ጥያቄ ካለ› ከሚለው ሥር፣ «እሱ በቀን ስንት ሰዓት ውሃ ውስጥ ይቆያል?» የሚል ተጽፎ ነበር። እትዬ ደሴት አነበበችው። ከጎኑም በእርሳስ «ትሰጋለች፤ ልምድ ያለው የመጥለቅ አስተማሪ ይመደብለት» ብላ ጻፈች።

ዕቅዱን በሁለት ዓምድ ሠራችው። በአንዱ ዓምድ ጀልባ፣ አስተማሪ፣ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ፣ ከሰዓት በኋላም ማዶ ያለውን ዋሻ ማየት አለ። በሌላው ከሰው ራቅ ያለ ክፍል፣ ዛፍ ሥር የተዘረጋ አልጋ፣ አራት ሰዓት ላይ ክፍል ድረስ የሚመጣ ቁርስ። ማንም ማንንም አይጠብቅም፤ ማንም በማንም አይማረርም። የእራቱን ቦታ ባዶ ተወችው፤ ያንን እነሱ ያውቁበታል ብላ ነው። አትማ ለትኬቱ ሰውዬ አሳየችው።

«እንዲህ ልክክ ያለ ዕቅድ ሠርቼ አላውቅም» አለችው።

ሄዱ፤ ተመለሱ። ልጆቻቸው የምስጋና ካርድ ላኩላት። ካርዱን መስኮቱ ላይ አቆመችውና ረሳችው።

ከሦስት ወር በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ቀያሹ ብቻውን መጣ። ጠረጴዛዋ ፊት ቆሞ፣ «እርስዎ» ማለቱን ትቶ፣

«ትዳሬን ያፈረስሽው አንቺ ነሽ» አላት።

ማተሚያው አንድ ወረቀት ተፋና ዝም አለ። የትኬቱ ሰውዬ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

«ይቀመጡ» አለችው።

«አልቀመጥም።»

«እንግዲያው እኔም እነሳለሁ» ብላ ተነሳች። እንዲያ ቆመው ትንሽ ተያዩ። ቀድሞ የተቀመጠው እሱ ነው።

የነገራት ረጅም አልነበረም። ጠዋት እሷ ተኝታ ትቷት ይወጣል። ከሰዓት ሲመለስ ዛፍ ሥር ታነባለች፤ «ሂድ፣ ጀልባው እንዳያመልጥህ» ትለዋለች። ማታ እሱ ከድካሙ የተነሳ ፀሐይ እንደጠለቀች እንቅልፍ ይጥለዋል።

«በአሥር ቀን አብረን የበላነው ሦስት ጊዜ ነው» አለ። «ያንንም የቆጠርኩት እሷ ከነገረችኝ በኋላ ነው። በሰባተኛው ቀን የጀልባው ሞተር ተበላሸና ረፋድ ላይ ተመለስኩ። በረንዳው ላይ ብቻዋን ተቀምጣ መጽሐፍ ይዛ ትስቃለች። እንባዋ እስኪመጣ። ምን አሳቀሽ ስላት ‹ምንም› ብላ መጽሐፉን ዘጋችው። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬያት ኖሬ እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።»

ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ።

«ከተመለስን በወሩ ‹ለብቻዬ መኖር እፈልጋለሁ› አለችኝ። ሰው ይዛ እንደሆነ ጠየቅኋት። ማንም የለም።» ጣቶቹን ተመለከተ። «ቢኖር ይሻለኝ ነበር።»

እትዬ ደሴት ከመሳቢያው ፋይላቸውን አወጣች። የጠየቀው ሁሉ እንደተፈጸመለት፣ ዕቅዱንም ራሱ አይቶ እንደፈረመበት ልታሳየው ነበር። ግን ዓይኗ የመምህሯ ወረቀት ግርጌ ያለው ጥያቄ ላይ አረፈ፤ ከጎኑም የገዛ እጅ ጽሕፈቷ ላይ። ፋይሉን ሳታሳየው ከደነችው።

«የጠየቁኝን ነው የሠራሁት» አለችው። «መጠየቅ የነበረብኝን አንድ ነገር ግን አልጠየቅኋችሁም።»

«ምን?»

«እራት።»

እንደ እብድ ቆጥሮ ተመለከታት። «እራት!» ብሎ ተነሳና ወጣ። በሩን ወርውሮ ይዘጋዋል ብለው ሲጠብቁ ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ጋሼ ከውስጠኛው ክፍል ብቅ አለ። «ይከሰናል እንዴ?»

«በምን? ሁሉም ነገር እንደተጻፈው ሆኖለታል» አለች።

የዚያን ቀን አመሻሽ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ድንች እየላጡ ነገሩን ለባሏ አወራችለት። ባሏ የአውቶቡስ መካኒክ ነው።

«ለአንድ መኪና ሁለት መሪ ገጥመሽ ነዋ!» አላት።

«ለሁለት ሰው ሁለት መኪና ነው የሰጠኋቸው።»

«ጥሩ መኪና ነበር?»

«በጣም ጥሩ።»

«ታዲያ ምን አጠፋሽ?»

የላጠችውን ድንች ሳህን ላይ አስቀመጠች። እሱም ቢላዋውን አቀብሏት ውሃውን ጣደ።

መምህሯ የመጣችው ከወር በኋላ ነው። ፀጉሯን በአጭሩ ተቆርጣለች፤ ትንሽም ከስታለች። ወንበሩን ስባ ተቀመጠችና እንደ ቆየ ወዳጅ አዋየቻት።

«መጥቶ እንደጮኸብሽ ሰምቻለሁ። አትቀየሚው፤ ደግ ሰው ነው። አንቺ የሰጠሽኝ አሥር ቀን ነው፤ የቀረውን ያደረግሁት እኔው ነኝ።»

«ወረቀትዎ ላይ በቀን ስንት ሰዓት ውሃ ውስጥ ይቆያል ብለው ጠይቀው ነበር» አለች እትዬ ደሴት። «እኔ የሰጉለት መስሎኝ ነበር።»

መምህሯ መስኮቱን አየች፤ ውጭ የመድኃኒት መኪና ሣጥን ያራግፋል።

«እኔም መስሎኝ ነበር» አለች።

ለትምህርት ቤት ዕረፍት አንድ ሳምንት ደሴት መሄድ ፈልጋ ነው የመጣችው። ያኔ የነበሩበትን ግን አልፈለገችም። «ያኔ ማንም እንዳያናግረኝ ነበር ያልኩሽ። አሁን ቤቴ ውስጥ የሚያናግረኝ የለም፤ ሲበዛ ደግሞ ይከብዳል። ሰው ሁሉ አንድ ረጅም ገበታ ላይ ተሰብስቦ የሚበላበት ቦታ አለ?»

አለ። ብቻቸውን የሚጓዙ፣ ግን ሰው የሚፈልጉ ሰዎች የሚላኩበት ትንሽ ደሴት ነው። ያዘችላት።

ዘጠኝ ቀን ቆይቶ ቀያሹ ደወለ። ድምፁ በርዷል፤ «እርስዎ»ውም ተመልሷል። ስለዚያ ቀን አላነሳም። አንድ ጠላቂ ጓደኛው ያወራለትን ደሴት ስም ጠራላት፤ ሳምንቱንም ነገራት። ለመምህሯ የያዘችላት ያው ደሴት፣ ያው ሳምንት።

እትዬ ደሴት አንድ የማትጥሰው ሕግ አላት፤ የአንዱን ደንበኛ ጉዳይ ለሌላው አትተነፍስም። «አይቼ እደውላለሁ» ብላ ዘጋችው። የትኬቱ ሰውዬ ነገሩ ገብቶታል።

«ይገናኙ እንጂ!» አለ። «ማን ያውቃል?»

«ኧረ ተው!» አለች የቪዛዋ ሴት። «ሴትዮዋ ሳምንቷ ይበላሽባት?»

እሷ አንዱንም አልሰማችም። ደብተሯን ገለጠች፣ ወደ ሁለት ሆቴል ደወለች፣ ሻይዋን ከቀዘቀዘ በኋላ ጠጣችው። ከዚያ ለቀያሹ ደወለችለት።

«እዚያ ደሴት ላይ ወደ መጥለቂያው ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል በጀልባ ነው። ማዶ ካለው ደሴት ግን ከዳርቻው ሁለት መቶ ሜትር ቢዋኙ ይደርሳሉ።»

«እውነትዎን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

እውነቷን ነበር። ማዶውን ያዘለት። ሁለቱ ደሴቶች ቅርብ ለቅርብ ናቸው፤ ሰማዩ ሲጠራ የአንዱ ጣሪያ ከሌላው ይታያል። ባልና ሚስቱ ያን ሳምንት በዚያ ውሃ ግራና ቀኝ አሳለፉት። አንዳቸውም አላወቁም። በዓመቱ ፍቺያቸው አለቀ።

የትኬቱ ሰውዬ አንድ ጊዜ፣ ሥራ በቀዘቀዘበት ከሰዓት፣ «ባታራርቂያቸው ኖሮስ?» አላት።

«አላራራቅኋቸውም። ማንም የሌላውን ቦታ አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝ...» አለችና ሐሳቧን ሳትጨርስ እርሳሷን መቅረጽ ጀመረች። የተቀረጸ እርሳስ ነበር።

የመጠይቁ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ጨምራለች፦ «እራት ከማን ጋር?» ብዙዎቹ ባለትዳሮች ይስቁበታል። አንዳንዶቹ አንዱ የሌላውን ወረቀት ለማየት አንገታቸውን ያሰግጋሉ። እነዚያን በደንብ ልትጠይቃቸው ለሌላ ቀን ትቀጥራቸዋለች።

ቀያሹን የዚያ የማዶው ደሴት ፍቅር ያዘው። በየዓመቱ ይሄዳል፤ እንደሱ ጡረታ የወጡ ሰዎችንም መጥለቅ ያስተምራል። ዝናቡ ሲገባ ወደ ከተማ ይመለስና ቢሮዋ ጎራ ይላል። ሻይ ይዞ ይቀመጥና ስለ ዓሣ ያወራላታል። ስለ ዓሣ ብዙ ነገር አለው። አሁን ያለምንም ቁጣ «አንቺ» ይላታል። እሷ «እርስዎ» እንዳለች ናት።

ባለፈው ጊዜ ሊወጣ ተነስቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ደህና ናት?» አላት።

«ስለ ደንበኛ አልናገርም።»

«እንግዲያው አሁንም ደንበኛሽ ናት ማለት ነው» አለና ሳቀ።

ሳቁ ተጋባባት። እሱ ደረጃውን ሲወርድ ስልኩ ጮኸ። መንታ ሕፃናት ያሏቸው፣ ውሃ የምትፈራ አያት አብራቸው የምትሄድ ቤተሰብ ነበሩ። አዲስ ወረቀት ሳበችና አያትየዋ ራሷ ስልኩን እንድትይዝ ጠየቀች።