በበረሃው ስም አይጠራም

የተቃጠለ ፍሬን ሽታ በሸተተኝ ቁጥር አባቴ ይመጣብኛል። አንድ ከባድ መኪና ቁልቁለት ወርዶ አጠገቤ ሲቆምና ያ የጋለ ብረት ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው፣ ጆሮዬ ወዲያው ክላክስ መስማት ይጀምራል፤ እየተደጋገመ፣ እየረዘመ፣ ገደል ለገደል እየተቀባበለው። ከሽታው ራቅ ብዬ መሄድ እችላለሁ። ድምፁን ግን እስከ ዛሬ የማመልጥበት መንገድ አላገኘሁም።

አባቴ በጃንሆይ ዘመን ከቢቸና እህል እየጫነ አዲስ አበባ የሚያራግፍ ሾፌር ነበር። ክረምት ሲገባ መንገዱ በጭቃ ስለሚዘጋ መኪናው ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሶ ይከርም ነበር፤ እኔና ታናሽ ወንድሜም ጋቢናው ውስጥ ገብተን፣ መሪውን እያሽከረከርን፣ በአፋችን እያጓራን ያልሄድንበት አገር አልነበረም። ወንድሜ ገና ትንሽ ልጅ ቢሆንም ደፋር ነበር፤ ውሻ አይፈራም፣ በሬ አይፈራም፣ ክላክስ ግን ነፍሱን ያወጣው ነበር። አባቴ ለቀልድ አንዴ ካስጮኸው ሮጦ የሆነ ጥግ ይወሸቅና፣ ድምፁ ከጠፋ በኋላም ጎትተን ካላወጣነው አይወጣም ነበር። እኛም እንስቅበት ነበር።

መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲደርቅ መኪናው ይነሳል፤ አባቴም ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር የዓባይ በረሃን ወሬ ይዞልን ይመጣ ነበር። መንገድ ዘግተው ስለሚቀመጡት ዝንጀሮዎች፣ አሸዋ ላይ ግንድ መስለው ስለሚተኙት አዞዎች ሲያወራን ጉርሻችንን አፋችን ውስጥ እንረሳው ነበር። ከሁሉ የሚያስፈራን ግን እሱና ጓደኞቹ የሚያከብሩት አንድ ደንብ ነበር፤ በበረሃው የሰው ስም አይጠራም። ስም ከተጠራ ገደሉ ሰምቶ ይይዘዋል፣ ሌላ ቀን ደግሞ ባለቤቱን ራሱ ይጠራዋል ይሉ ነበር። ስለዚህ ከደጀን አለፍ ብሎ አፋፉ ላይ ሲደርሱ ቆመው፣ ለተሳፈረው ሁሉ የበረሃ ስም አውጥተው ነበር የሚወርዱት።

ወንድሜ አንድ ክረምት ኩፍኝ ይዞት ለጥቂት ተርፎ ነበርና፣ እናቴ ደብረ ሊባኖስ ወስጄ ቁንጮውን አስላጨዋለሁ ብላ ተስላ ነበር። ጥር ላይ፣ ለተክለ ሃይማኖት በዓል እንድንደርስ አባቴ ሁላችንንም ጋቢና ጭኖ ተነሳ። እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። አፋፉ ላይ ጭላዳዎች ፀሐይ ይሞቁ ነበር፤ ወንድሜ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ «እዩት! እዩት!» እያለ ጆሮአችንን አደነቆረን።

እዚያ አባቴ ሞተሩን አጥፍቶ ስም አወጣልን። ለፍላፊ ስለነበርኩ እኔን ጅግራ አለኝ፣ እናቴን እሜቴ፣ ረዳቱን «ብሎን»፣ ወንድሜን ደግሞ ሽኮኮ።

«እኔ ሽኮኮ አይደለሁም» ብሎ አኮረፈ ወንድሜ።

«ማዶ እስክንወጣ ነው» አለው አባቴ እየሳቀ። «ስንወጣ ስምህን እመልስልሃለሁ።»

ቁልቁለቱን እየተጠማዘዝን ስንወርድ አየሩ እየሞቀ፣ ጆሯችን እየተደፈነ ሄደ፤ ዝንጀሮዎች ልጆቻቸውን አዝለው መንገድ ይሻገራሉ፣ ጥንብ አንሳዎች ደግሞ ከእኛ በታች ይበርሩ ነበር። ወፍን ከላይ ሆኜ ማየት ለእኔ የመጀመሪያዬ ነበር። ታች የዓባይ ድልድይ ጋ ስንደርስ ፍሬኑ ግሎ ይጨስ ስለነበር እስኪበርድ መቆም ነበረብን። ረዳቱ ውሃ ሊቀዳ ወረደ፣ አባቴ ጎማው ሥር ተጋደመ፣ እናቴም ጥላ ፈልጋ ስንቃችንን ፈታች። ጦጣዎች ሲከቡን ወንድሜ ዳቦ ቆሎ እየበተነ ያበላቸው ጀመር፤ አንዷ ልጇን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ከእጁ ስትወስድለት እናቴ ሳይቀር ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ አንድ የድልድይ ዘበኛ አዞ አሳይሻለሁ ብሎኝ ወደ ድልድዩ ሄድኩ፣ እናቴም ዳቦ ልትቆርስ ዞር አለች። ስንመለከት ወንድሜም ጦጣዎቹም አልነበሩም።

«ሽኮኮ!» አለ አባቴ ከመኪናው ሥር እየወጣ፣ መጀመሪያ ላይ ፈገግ እንዳለ። «አንተ ሽኮኮ!» ገደሉ «ኮኮ፣ ኮኮ» እያለ መለሰለት፤ ከቁጥቋጦው ግን ማንም አልመጣም። ጠዋት የወጣለትን፣ ያኮረፈበትንም ስም ምን ብሎ አቤት ይበል? እናቴ ትንፋሿን ስባ እውነተኛ ስሙን ልትጠራ አፏን ስትከፍት አባቴ ደርሶ በመዳፉ ከደናት።

«ተይ! እዚህ አይጠራም!»

«ይተዉኝ፣ አንዴ ልጥራው!»

«ከኩፍኝ የተረፈውን ልጅ አንቺው ልታስወስጂው ነው?»

እናቴ ነጠላዋን ነከሰች። አባቴም ወደ ጋቢናው ሮጦ በክላክስ ጠራው። እሷ በሩን እየደበደበች «ይፈራዋል! ይፈራዋል እኮ!» ስትል አይቻታለሁ፤ እሱ ግን በዚያ ጩኸት መሀል አልሰማትም። ወፎቹ ግር ብለው ተነሱ፣ ዝንጀሮዎቹ ወደ ገደሉ ሸሹ፣ በዚያ ጫካ ውስጥ ጆሮ ያለው ሁሉ ከእኛ ራቀ።

የድልድዩ ዘበኞች ዳቦ ቆሎውን ተከትለው ፈለጉት። አንድ አንድ ፍሬ እየተንጠባጠበ በቁጥቋጦው መሀል ወርዶ፣ ወንዙ ዳር አሸዋ ላይ ደርሶ አለቀ። ሌላ ምንም አልተገኘም። አባቴ ዐቢይ ጾም እስኪገባ የወንዙን ዳርና ዳር ሲፈልግ ከረመ።

በሚቀጥለው ክረምት መኪናው እንደ ልማዱ ግቢያችን ሲገባ አባቴ ክላክሱን ፈትቶ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣለው፤ ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ሰው ወይም ከብት ሲገጥመው እጁን በመስኮት አውጥቶ በሩን እየደበደበ ነበር የሚያልፈው። እናቴ መስከረም ሳይጠባ እኔን ይዛ ሞጣ ወንድሟ ቤት ገባች። ቄሱ መጥተው ፍትሐት እናድርግለት፣ ስመ ክርስትናውን ንገሪኝ ሲሏት «ልጄ ገና ከበረሃው አልወጣም፤ ስሙ አይጠራም» ብላ መለሰቻቸው። ተዝካርም አልወጣም። እኔም ረስቼ ስሙን አንስቼ እንደሆነ አፌን ትከድን ነበር፤ ልክ አባቴ እንደከደናት። አባቴ ሲሞት እንኳ አልቃሿ የልጁን ስም እንዳታነሳ አስቀድማ ለምናታለች። ባልጠራችው መጠን የሚቆይላት ይመስላት ነበር፣ እኔም ከዕድሜዬ ብዙውን እሷን አምኜ ኖሬአለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አርጅታ ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረች በኋላ፣ ስለቴን ሳላደርስ አልሞትም ብላ አስቸገረችኝና ደብረ ሊባኖስ ልወስዳት በአውቶቡስ ተነሳን። አሁን መንገዱ አስፋልት ነው፣ አፋፉ ላይ ቆሞ ስም የሚያወጣም የለም። ድልድዩ ጋ ስንቃረብ ከፊታችን የተቀመጠች ልጅ ስልኳ ላይ «ሄሎ! ሳምራዊት! ዓባይ በረሃ ነኝ፣ ሳሚዬ አይሰማሽም?» እያለች ትጮህ ጀመር። እናቴ ክንዴን ጨብጣ ያዘችኝ።

«እዚህ ስም ይጠራሉ?»

«ይጠራሉ፣ እማ።»

«ምንም አይሆኑም?»

«ምንም አይሆኑም።»

ድልድዩ ላይ ስንወጣ መስታወቱን እንድከፍትላት አዘዘችኝ። ከዚያ በሁለት እጆቿ መስኮቱን ይዛ፣ ያን ሁሉ ዘመን አፏ ውስጥ ያቆየችውን «ጌታነህ!» ብላ ጮኸች። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየን። እኔ የገደሉን መልስ ስጠብቅ አውቶቡሱ ማርሽ ቀይሮ አጓራና ምንም ሳይሰማ ተሻገርን።

አውቶቡሱ ዳገቱን ተያይዞ ጋመሰው። በኋላ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ እኔ ዘንበል አለች።

«ረስቶት ይሆናል» አለችኝ። «እኛ ሽኮኮ አልነው እኮ።»

ያኔ ያን ዳገት ለመውጣት ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር ይላሉ፤ አሁን ቶሎ ያልቃል። እኔ ግን ማዶ እስክንወጣ መስኮቱን አልዘጋሁትም።