ጠራዡ ያገናኟቸው

ጓደኛዬ ዓይኑ ጨርሶ ሳይጠፋ አንድ ገጽ ማየት ፈለገ። እኔን ለምን እንደጠየቀኝ ይገባኛል። ከእኩዮቻችን መካከል ማንበብን ሥራዬ ብዬ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ሰው ደግሞ ብዙ ያነበበ ሁሉ የጠፋ ነገር ማግኘት የሚችል ይመስለዋል።

ስኳር ነው። ዓይኑን ከመሃል ጀመረው፤ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ተወለት። ፊት ለፊቱ ቆሜ ሳናግረው ፊቴ አይታየውም፣ ጆሮዬ ግን ይታየዋል። «ወሪያ፣ ጆሮህ አርጅቷል» አለኝ አንድ ቀን፣ መጋላ ሰፈር ካለው የጨርቅ ሱቁ በር ላይ ወንበር አውጥቶ እንደተቀመጠ። ወሪያ የድሬ ሰው «አንተ» የሚልበት ነው። የቀረችውም ብዙ እንደማትቆይ ሐኪሞቹ ነግረውታል። ይህን ያወራኝ የሌላ ሰው ጉዳይ እንደሚያወራ ሆኖ ነው። ወዲያው ገጹን አነሳ።

«ያቺ ሁለቱ የሚጨባበጡባት ትዝ ትልሃለች? አንተ ኢንተርኔቱ ውስጥ ነው የምትኖረው። አምጣልኝ።»

«አመጣለሁ» አልኩ። አስቤበት የተናገርኩ አይመስለኝም።

አባቱ መጽሐፍ ጠራዥ ነበሩ። የመጋላ ሰው የዐረብኛ መጽሐፉ፣ ኪታቡ፣ ሲገነጠልበት ለእሳቸው ያመጣል፤ እሳቸው ሰም በነካ ክር ሰፍተው፣ ካርቶን አልብሰው ይመልሱለታል። ካርቶኑን የሚያጠነክሩት አሮጌ ወረቀት በላዩ ላይ እየደራረቡ በመለጠፍ ነበር። ለዚህ ብለው በኪሎ ከሚገዙት ክምር ውስጥ አንድ ጊዜ የምድር ባቡሩ ፈረንሳዮች ጥለዋቸው የሄዱ የሥዕል መጽሔቶች ወጡ። የጠፈር ታሪኮች ነበሩ። ዛሬ እንዲህ ያለውን ኮሚክ ይሉታል። በእኛ አማርኛ ኮሚክ ማለት የሚያስቅ ሰው ነው፤ እዚያ ውስጥ ግን ሁሉም ፊቱን እንዳኮሳተረ ነው የሚኖረው።

ሁለት ዓይነት ነበሩ። በአንደኛው ዋናው ሰው ከቆርቆሮ የተሠራ ሲሆን ባሕር ሥር ያለች ከተማ ይጠብቃል። በሌላኛው አንድ ጢማም ጠፈርተኛ መርከቡ ተሰብራበት አሸዋ ብቻ በሆነች ፕላኔት ላይ ይንከራተታል። ሁለቱ አይተዋወቁም። ሠዓሊያቸውም አሳታሚያቸውም ለየቅል ነው።

ጓደኛዬ መጽሔቶቹን ከሙጫ ያዳናቸው አልቅሶ ነው። አባቱ ልቅሶው ሲሰለቻቸው ሁሉንም በአንድ ጥራዝ ሰፍተው ሰጡት፤ ሽፋኖቻቸውን ግን ቀድመው ገንጥለው ሥራ ላይ አውለዋቸው ነበር። የላቲን ፊደል አያነቡም። ስለዚህ መጽሔቶቹን በመጠን አመሳከሯቸው፤ እኩል ሆኑ። እኩል ከሆኑ ዘንድ አንድ ናቸው ብለው አንዱን ከዚህ አንዱን ከዚያ እያፈራረቁ ሰፏቸው። ጥራዙንም ዕድሜ ልካቸውን ሲሠሩት እንደኖሩት ኪታብ ከቀኝ እንዲጀምር አደረጉት፤ የፈረንጁ መጨረሻ የእኛ መጀመሪያ ሆነ።

እኛም ከቀኝ ጀመርነው። ፈረንሳይኛ ስለማናውቅ ያነበብነው ሥዕሉን ነው። የመጀመሪያው ገጽ የሳሙና ማስታወቂያ ሆኖ አገኘነው፤ አንዲት ሴት እስከ አንገቷ አረፋ ውስጥ ገብታለች። የጠፈርተኛው እናት ናት ብለን ተስማማን። ከዚያ ወዲያ የተበታተነው የቆርቆሮ ሰው ብሎን በብሎን እየተገጣጠመ ይነሣል። የወደቀው ግንብ ይቆማል። ጢማሙ ጢሙ እያጠረ፣ ልብሱ እየጸዳ ይሄድና በመጨረሻ ደህና መርከብ ውስጥ ገብቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የዓለም ታሪክ እንደዚያ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። ሌላ ዓይነት መሆኑን ያወቅሁት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው፤ እስካሁንም ቅር እንዳለኝ ነኝ።

ጥራዙ መሃል ላይ፣ አንዱ መጽሔት ከሌላው በሚገናኝበት ስፌት፣ በግራው ገጽ የቆርቆሮው ሰው ክንዱን ወደ ቀኝ ዘርግቷል። በቀኙ ገጽ ጠፈርተኛው ክንዱን ወደ ግራ ዘርግቷል። የሁለቱም ጣቶች ስፌቱ ውስጥ ገብተው ይጠፋሉ። መጨባበጣቸው አይታይም፤ ስለዚህ ተጨባብጠዋል።

የአንዱን ታሪክ ጀግና ከሌላው ታሪክ ጀግና ጋር ስለማገናኘት ከአንድም ሁለት ጊዜ ጽፌያለሁ፤ በጎ ቃል አልጻፍኩም። ዘይት የፈለገ ሳሙና አብሮ ካልገዛ አይሸጥለትም የሚል የባለሱቅ ብልሃት ነው ብያለሁ። ዛሬም ያንኑ እላለሁ። ጠራዡ ግን የሚሸጡት ነገር አልነበራቸውም። ልቅሶ ለማስቆም ነው የሰፉት።

ያ ጥራዝ ዛሬ የለም። የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ውሃው ወደ ጠራዡ ክፍል በገባበት ክረምት በስብሶ ተጣለ። ስለዚህ መጽሔቶቹን አንድ በአንድ መፈለግ ነበረብኝ። ሰብሳቢዎች ኢንተርኔት ላይ ከሚያወጧቸው አሮጌ ነገሮች መሃል ሳምንት ሙሉ ቆይቼ አገኘኋቸው። አሁን ፈረንሳይኛውን በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ አነበዋለሁ። የቆርቆሮው ሰው ክንዱን የዘረጋው የቧንቧ መዝጊያ ሊይዝ ነው። ጠፈርተኛው የዘረጋው ገመድ ሊጨብጥ ነው። ማንም ለማንም እጁን አልሰጠም። እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያ ደስ አለኝ፤ የጻፍኩት ሁሉ ልክ ሆኖ ተገኘ። ለማን እንደምነግረው ሳስብ ግን ደስታው ቀዘቀዘ።

ሁለቱን ገጾች ከዚራ ሰፈር ባለ አንድ ማተሚያ ቤት በየወረቀታቸው አሳትሜ፣ በባጃጅ የደቻቱን ድልድይ ተሻግሬ ሄድኩ። ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤት የሚያስገባበት ሰዓት ስለነበር ሱቁ ገበያተኛ አልነበረውም፤ እሱና ሴት ልጁ ብቻ ነበሩ። አንደኛውን ወረቀት ተቀብሎ ወደ ጉንጩ አስጠጋና በዓይኑ ጠርዝ በኩል ቀስ እያለ አሳለፈው።

«አቦ! ይኸው ቆርቆሮው! ይኸው ብሎኑ!» ልጁ ከመደርደሪያው ጀርባ ብቅ አለች። «ምን እያለ ነው?» አለኝ እሱ።

«ቧንቧውን ዝጉት፣ የሚጠጣው ውሃ ሊያልቅ ነው ይላል።»

«ባሕር ሥር ተቀምጦ?»

«ባሕር ሥር ተቀምጦ።»

«በለው! ውሃ ከቸገረው ይሄ ሰውዬ የድሬ ልጅ ነው!» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። ጠፈርተኛውንም እንዲሁ አሳለፈው፤ ጢሙን ሲያገኝ አጨበጨበ። ቀጥሎ «በል አሁን አንድ ላይ አድርገህ አሳየኝ» አለ።

ልጁ ሁለቱን ወረቀቶች በፕላስተር አጋጠመቻቸው። ወረቀቱን አነሣ። በዚያች በቀረችው ጠርዝ የሚታየው የመዳፍ ስፋት ያህል ነው። የአንደኛውን እጅ አገኘ። ወረቀቱን ወደ ጎን ገፋው። የሌላኛውን እጅ ሲያገኝ የመጀመሪያው ሄዷል። መለሰው፤ አሁን ደግሞ ሁለተኛው ሄደ። አምስት ስድስት ጊዜ አመላለሰው።

«አይገናኙም» አለ።

«ጎን ለጎን እኮ ናቸው። በመሃላቸው ጣት አይገባም።»

«ላንተ።»

ልጁ አደር ነው የምትለኝ፤ በሱማሊኛ አጎት ማለት ነው። «አደር፣ ብናሳንሰውስ?» አለችኝ። ጥሩ ሐሳብ መሰለኝ። ድልድዩን ተሻግሬ አሳንሼ አመጣሁ፤ ጭጋግ ነው አለ። በማግሥቱ ተለቅ አድርጌ አመጣሁ፤ እጆቹ ጥርት ብለው ታዩት፣ ግን ተለያዩ። በሁለቱ መሃል ያለውን አመጣሁ። ከእሱና ከትንሹ መሃል ያለውንም አመጣሁ። ስናሳንሰው አይታየውም፤ ስናተልቀው አይገናኙም። የማተሚያ ቤቷ ሴትዮ በአራተኛው ቀን «ጋሼ፣ የልጅ ጫማ ነው እንዴ በየቁጥሩ የምናወጣው?» አለችኝ። ለማን እንደሆነ ብነግራት በነጻ ልታትምልኝ ትችላለች ብዬ ፈራሁና አልነገርኳትም።

በዚያ ቀን ሌላ ነገር ሞከርኩ። ወንበሬን አስጠግቼ «ቆይ፣ እኔ ልንገርህ» አልኩት። «የቆርቆሮው መዳፍ ሰፊ ነው፤ ጠፈርተኛው ጓንቱን አውልቋል፤ አሁን...»

«ወሪያ» አለኝ፤ ቆጣ ብሎ አይደለም። «መንገሩንማ እኔም እችልበታለሁ። ለሚስቴ ነግሬያለሁ፣ ለዚችም ነግሬያለሁ። አርባ ዓመት ስነግር ነው የኖርኩት። አሁን ማየት ነው የፈለግኩት።»

ቤቴ ሙሉ መጽሐፍ ነው። ሰው ሲከራከረኝ ከአራት ወገን ጠቅሼ አፉን አስይዘዋለሁ። ያን ዕለት ግን ወንበሬን ወደ ቦታው መለስኩ። ልጁ ጥቅል ጨርቅ መደርደሯን ቀጠለች።

«ነገ ትንሽ ብቻ ተለቅ አድርገው» አለኝ። «ከዚህኛው ትንሽ።»

ያ መጠን ትናንት የመጣው መሆኑን አውቃለሁ። እሷም ታውቃለች፤ ቀና ብላ አየችኝ። «እሺ» አልኩ።

በማግሥቱ ይዤለት ሄድኩ። ወረቀቱን ወደ ጉንጩ አስጠግቶ ከሌላው ቀን ሁሉ ረዘም ላለ ጊዜ ያዘው። ወደ ግራ ገፋው፤ ወደ ቀኝ መለሰው። መንገዱ ላይ አንድ ባጃጅ ጥሩንባውን እየነፋ አለፈ። እስኪያልፍ ጠበቀ።

«መጠኑ ይሄ ነው?» አለኝ። «ትክክለኛው ይሄ ነው?»

የለም፣ ትክክለኛ የሚባል መጠን የለም፣ ኖሮም አያውቅም ማለት ነበረብኝ። ልቡን ላሳርፍ ብዬ «አዎ፣ ትክክለኛው ነው» አልኩት።

«እንግዲያው ወረቀቱ አይደለም፣ እኔ ነኝ» አለ።

ወረቀቱን ጨርቅ እንደሚያጥፍበት በጥንቃቄ አራት አጠፈና ወደ ድምፄ ዘረጋልኝ።