ክንፋሞቹ በእናቴ አልጋ ቤት

ሸዋ ሮቢት የሄድኩት እናቴን ይዤ ልመለስ ነበር። ግንቦት ላይ ግቢዋ ውስጥ ልብስ ስታሰጣ ሙቀቱ ጣላት፤ ጎረቤት ደርሶ ባያነሳት ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር እንጃ። ሐኪሙ ብዙ ውሃ ትጠጣ፣ ብቻዋን መኖር የለባትም፣ ይህ አየርም አይስማማትም አለ። እኛ ልጆቿ በስልክ ተመካከርንና ደብረ ብርሃን እኔ ቤት እንድትኖር ወሰንን። ወንድሜ እሁድ መኪና ይዞ ይመጣል፤ እኔ ቀድሜ ሄጄ ዕቃዋን እሸክፋለሁ። ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር።

እናቴ ግን ዕድሜዋን ሙሉ በዋናው መንገድ ዳር አልጋ ቤት ስታስተዳድር የኖረች ሴት ናት። የማይዋሽ ሾፌር አሳድራ አታውቅም። አሁን ክፍሎቹን ለተከራይ ሰጥታ የፊቱን ክፍል ለራሷ አስቀርታለች፤ በሩ ላይ ወንበር አውጥታ የሚያልፈውን መኪና ስታይ ትውላለች። ስለ መሄድ ሳነሳባት "እሱን ተዪውና ውሃ አቀብዪኝ" ትላለች። ደግሜ ሳነሳባት ደግማ ውሃ ትጠይቃለች። በዚያ ሰሞን የጠጣችውን ውሃ ሐኪሟ ቢያይ ደስ ይለው ነበር።

እኔ ደግሞ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። መብራት ይጠፋና ቬንትሌተሩ ይቆማል፤ እነሳለሁ። ከባድ መኪና ፍሬን ሲይዝ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ እነሳለሁ። ሻንጣዋን እከፍታለሁ፣ ምንም ሳልከትበት መልሼ እዘጋዋለሁ።

"ቁጭ በይ እንጂ! ወለሉን ጨረስሽው እኮ" አለችኝ። "ሥራ የለሽም?"

ሥራ ነበረኝ። ከብዙ ጊዜ ጀምሮ የምጽፈው መጽሐፍ አለ፤ ከራሴ የፈጠርኩት የአንድ ክንፋም ሕዝብ ባህልና ታሪክ ነው። የውጭ ፊልም የሚያዩ ልጆች ኤልፍ የሚሏቸው ዓይነት ናቸው፤ ጆሯቸው ሹል፣ ሰውነታቸው ቀጭን፣ ዕድሜያቸው እጅግ ረጅም። የእኔዎቹ ግን የይፋት ሰዎች ናቸው። ጥንት ቀወት ሜዳ ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። ቆላው ሲከፋባቸው ወደ አንኮበር ገደል ወጡና ቤታቸውን ገደሉ ወገብ ላይ ሠሩ። ቤታቸው በር የለውም፤ እንግዳ የሚገባው በጣሪያ በኩል ነው። ሲጋቡ ከክንፋቸው ሥር አንዳንድ ላባ ነቅለው ይለዋወጣሉ፤ ሲፋቱ ላባው ይመለሳል። እናቴ ዓይኗ ስለደከመ ጮክ ብዬ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ይመስለኛል፣ የጠየቀችኝ እኔን ለማስቀመጥ ነበር።

ለእሷ ማንበብ ግን ቀላል አይደለም። "በጣሪያ ከገባና በጣሪያ ከወጣ፣ እንግዳው መኖሩን ማን ያውቃል?" አለች። "እንዲህ ያለ ቤት ለአልጋ ቤት አይሆንም።"

"ልብ ወለድ እኮ ነው እማዬ፤ ፈጠራ ነው።"

"ውሸት ከሆነማ በደንብ ነው መዋሸት። እዚህ የሚያድር ሾፌር እንኳ ሲዋሽ ይጠነቀቃል።"

ተናደድኩ። ይበልጥ ያናደደኝ ደግሞ ይህን ሁሉ የምትናገረው ማንጎ እየላጠች፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ መሆኑ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቷ ሐጂ ብቅ ይላሉ። የአሊዩ አምባ ተወላጅ ናቸው፤ ማሾ ሲነግዱ እዚሁ ሸዋ ሮቢት አረጁ። እሳቸው ሳነብ ሰምተው ክንፋሞቹን ጠፍቶ እንደተገኘ ዘመድ ነው የተቀበሏቸው።

"እነዚህ ሰዎች አሊዩ አምባ ገበያ ሳይወርዱ አይቀሩም" አሉ። "ጨው ከየት ያገኛሉ? ወላሂ፣ ገደል ላይ ጨው የለም።"

"ታዲያ ገበያተኛው ክንፋቸውን አያይም?" አለች እናቴ።

"በጋቢ ሸፍነውት ነዋ እትዬ! ሰው ጎባጣ መስሎት ያልፋቸዋል።"

"በዚያ ሙቀት ጋቢ? ሐጂ ደግሞ! ወዲያው ነው የሚነቃባቸው።"

ሐጂ ትንሽ አሰቡና "እንግዲያውስ የታመሙ ይመስላሉ፤ ለታመመ ሰው ጋቢ ነውር የለውም" አሉ። ወደድኩት፤ ጻፍኩት። ሲወጡ ደግሞ ከደጃፉ ተመልሰው "ሲሰግዱ ወዴት ነው የሚዞሩት?" አሉኝ። "አስቢበት ልጄ" ብለው ሄዱ። ሁለቱ ሽማግሌዎች መጽሐፌን ከእጄ ሊወስዱት ነው እያልኩ እንደገና መንጎራደድ ጀመርኩ።

ሐሙስ ዕለት የምኮራበትን ምዕራፍ አነበብኩላት። በክንፋሞቹ ሕግ አንድ ሰው አርጅቶ ክንፉ አልታዘዝ ሲለው ልጆቹ ከቃጫ መረብ ይገምዱለታል። መረቡ ውስጥ አስቀምጠው፣ እያንዳንዳቸው አንድ ጫፍ ይዘው፣ እየዘፈኑ ወደ ገደሉ አናት ያወጡታል። እዚያ የቆላ ሙቀት የለም፣ ወባ የለም፤ አረጋውያኑ ቀሪ ዘመናቸውን በክብር ተቀምጠው ይኖራሉ። በምዕራፉ ውስጥ የምትወጣው አንዲት አሮጊት ናት። የጻፍኩት እናቴ ከመውደቋ ብዙ ቀደም ብዬ ነው። ያን ቀን ለምን እሱን እንደመረጥኩ ግን አውቃለሁ፤ እናቴን እንዲያባብልልኝ ነው።

እናቴ ማንጎ የምትልጥበትን ቢላዋ አስቀመጠች። "ድገሚው" አለች። ደገምኩት። ልቧ ተነካ ብዬ ደስ አለኝ።

"አሮጊቷስ?" አለች።

"ምን ሆነች?"

"ልጆቿ ምን ብለው እንደዘፈኑ ነገርሽኝ። ነፋሱ እንዴት እንደነበር ነገርሽኝ። መረቡን ማን እንደገመደው ሳይቀር ነገርሽኝ። እሷ ምን አለች?"

የማላውቀው ይመስል ገጾቹን አገላበጥኩ። ምንም አላለችም። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ለአሮጊቷ አንዲት ቃል አልሰጠኋትም።

"ክብር ነው እኮ ለእሷ" አልኩ። "ደስ ብሏታል።"

"ማን ነገረሽ?"

ተነስቼ ወጣሁ። ባጃጆቹ እየተጋፉ በሚያልፉበት አስፋልት ዳር ዳሩን ይዤ፣ ፀሐዩ አናቴን እየመታኝ፣ ወዴት እንደምሄድ ሳላውቅ ተጓዝኩ። መጀመሪያ የተናደድኩት በእሷ ነው፤ በመጽሐፌ አሳብባ እኔን መናገሯ ነው አልኩ። ቀጥሎ አሮጊቷን ላናግራት ሞከርኩ። "ልጆቼ እግዜር ይስጣችሁ" አስባልኳት፤ ይህ የእኔ ምኞት ነው። "እምቢ፣ አልሄድም" አስባልኳት፤ ይህ ደግሞ የእኔ ፍርሃት ነው። የእሷን ቃል አጣሁት። ስለ እናቴ አልጋ፣ ስለ መድኃኒቷ፣ የትኛው ክፍል ፀሐይ እንደሚያገኝ ስንደዋወል የሰነበትን ልጆቿ ለራሷ ደውለን ትፈልጊያለሽ ወይ አላልናትም። ይህን ሳስብ እግሬ ቆመ። ከወንዙ ድልድይ ሳልደርስ ተመለስኩ።

በሩ ላይ እንደተቀመጠች አገኘኋት። እኔ አልተቀመጥኩም።

"እማዬ፣ ደብረ ብርሃን እኔ ቤት መኖር ትፈልጊያለሽ?"

ውሃ አቀብዪኝ ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለችም።

"እፈራለሁ" አለች።

እናቴ ከዚያ በፊት ይህን ስትል ሰምቼ አላውቅም። ሰክሮ የሚደባደብ ሾፌር አንገቱን ይዛ የምታስወጣ ሴት ነበረች።

"እዚህም እፈራለሁ። ማታ ማታ ልብሴን ሳላወልቅ ነው የምተኛ፤ ወድቄ ቢያገኙኝ ራቁቴን እንዳልሆን ብዬ። እዚያም እፈራለሁ። እዚህ የሚያልፈው ሁሉ ያውቀኛል፤ እዚያ ብርዱን አላውቀው፣ ሰዉን አላውቀው፣ ከአንድ ጥግ የተቀመጠች አሮጊት ነው የምሆን።"

"ለምን አልነገርሽንም ታዲያ?"

"ማን ጠየቀኝና?"

አለቀስኩ። እጇን ይዤ፣ በዚያ ሁሉ መንገደኛ ፊት አለቀስኩ። ትንሽ ታገሠችኝና "በቃ፣ በቃ" አለች።

ለወንድሜ ደውዬ እሁድ እንዳይመጣ፣ እናታችንን ገና እንዳልጠየቅናት ነገርኩት። "ምን ነካሽ? ስንት ለምኜ ያገኘሁት መኪና ነው!" ብሎ ጮኸብኝ። እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

"እሁድ ና" አለችው። "ግን ስትገባ ዕቃ እንዳታነሳ። ቁጭ በልና ትሄጃለሽ ወይ ብለህ ጠይቀኝ።"

ወንድሜ የሆነ ነገር አላት።

"እሷ ጠይቃኛለች፤ አንተ መቼ ጠየቅኸኝ? እህቶችህንም ይዘሃቸው ና።"

ስልኩን መለሰችልኝና ማንጎዋን አነሳች። እስከ እሁድ እንዴት ብዬ እንደምቆይ ጨነቀኝ። እምቢ ማለቷንም እሺ ማለቷንም እኩል ፈራሁት።

"ምን ልትዪው ነው?" አልኳት።

"ይጠይቁኝና" አለች፤ "እኔም መልሴን ያን ጊዜ እሰማዋለሁ።"