እናቴን የሚያለቅስላት

ደባርቅ በኖርኩባቸው ዓመታት ለቅሶ ቤት ስገባ ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። መነኩሲት አይደለሁም፤ የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ነገር ግን ባል አላገባሁም፤ ኪዳን አይቀረኝም፤ ከሰው ጋር ቆሜ አላወራም። ስለዚህ ሰፈሩ “እማሆይ” የሚል ስም አወጣልኝ። “ዝም በሉ፣ እማሆይ መጡ” ሲባባሉ እሰማለሁ። አንዷማ አንድ ቀን፣ “ምነው፣ እንባችንን መዝገብ ላይ ሊያስፈርሙን ነው?” አለች። ለቀስተኛው በነጠላው ተሸፍኖ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ልክ እንደሆንኩ እርግጠኛ ስለነበርኩ ቀልዱ አልነካኝም።

ሐዋርያው ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች አትዘኑ ብሎናል። ትንሣኤን የሚያምን ሰው ደረት መድቃቱ፣ ፊት መንጨቱ፣ ሙሾ ማውረዱ ምን ሊረባው? ይህን ነበር በየለቅሶው የምናገረው። በአፌ ብቻ አይደለም፤ የሚደቃ እጅ ሳይ ሄጄ እይዛለሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት የጎረቤቴ ባል ሞተ። በአምባራስ በኩል በቅሎ እየጫነ የቱሪስት ዕቃ ያመላልስ የነበረ፣ በኋላ ቱሪስት ሲጠፋ ገብስና እንጨት የሚያመላልስ፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። በሳል ታሞ ወር ሳይሞላው አለፈ። ጊዜው ከፋሲካ በኋላ ነበር፤ ሃምሳው ቀን ገና አላለቀም። ሬሳው ከቤት ሊወጣ ሲል ሚስቱ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ፣ እጆቿን ዘርግታ ጀመረች፤

“በቅሎህ ከደጅ ቆማ ትጠብቅሃለች…”

ሴቶቹ ሊቀበሏት አፋቸውን ከፈቱ። እኔ ሁለተኛውን ስንኝ ሳታወጣ ደረስኩና ሁለቱንም እጆቿን ያዝኩ።

“እህቴ፣ በሃምሳው ላይ ነን” አልኳት። “ክርስቶስ ተነሥቷል። ባልሽም ይነሣል። ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?”

አየችኝ። የተናደደች አልመሰለችም፤ አንድ ነገር ሊወስዱባት ሲሉ እንደምትሰጥ ሰው ነበረች።

“እሺ፣ እማሆይ” አለችና አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች።

ቀብሩ ጸጥ ያለ ሆነ። የንስሐ አባቴ ሲመለሱ፣ “መልካም አደረግሽ፣ ልጄ፤ እንዲህ ነው የክርስቲያን ቀብር” አሉኝ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

እናቴ ሸዋ ሮቢት ነበረች። እኔ ሥራ ብዬ ወደ ሰሜን ከመጣሁ በኋላ መጀመሪያ በየዓመቱ፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ እሄድ ነበር። ከዚያ በሽታው መጣ፤ ጦርነቱ መጣ፤ መንገዱ አንድ ወር ቢከፈት ሦስት ወር የሚዘጋ ሆነ። ለመጨረሻ ጊዜ ካየኋት ሰባት ዓመት ሆኗል። በስልክ ግን ኔትወርክ ሲኖር በየሳምንቱ እንነጋገራለን። እሷ ቆላ ተወልዳ ቆላ ያረጀች ስለሆነች ከሁሉ አስቀድማ የምትጠይቀኝ፣ “ብርዱ እንዴት ነው?” ብላ ነው።

በዘንድሮው ዐቢይ ጾም መጨረሻ ስልኩ አልገባ አለኝ። የለመድነው ነገር ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ኔትወርክ የለም ይላል። የፋሲካ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ያከራዩኝን የቤቴን ባለቤት በሩ ላይ አገኘኋቸው።

“ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን” አልኳቸው።

“በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን” አሉ መሬት መሬቱን እያዩ። ከዚያ ያለ ልማዳቸው እጄን ይዘው እንጀራ እስኪቀርብ አልለቀቁኝም። ጎረቤቴም መጣች፤ ዶሮ ወጥ በሳህን ይዛ። ለእኔ ከየቤቱ መጣልኝ። ዘንድሮ ምን ያህል ወደዱኝ ብዬ አሰብኩ። በሳምንቱ ውስጥ ላገኘሁት ሁሉ ክርስቶስ ተንሥአ እላለሁ፤ ሁሉም ይመልሳል፤ ሁሉም ቶሎ ይለየኛል።

ሁሉም ያውቅ ነበር። እናቴ በሕማማት ሳምንት ሞታ ተቀብራለች። ወንድሜ ለእኔ መንገር ፈርቶ፣ ኔትወርክ ብልጭ ባለ ሰዓት ለቤቴ ባለቤት ደውሎላቸዋል፤ እሳቸውም ከንስሐ አባቴ ጋር ተማክረው፣ በዓሉ ይለፍላት ተባብለው ደብቀውኛል። መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ሰውየው ቀኑ ሙሉ እንዲያለቅስበት። የዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ ሰኞ ጎሕ ሲቀድ፣ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት የንስሐ አባቴን፣ የቤቴን ባለቤት፣ ጎረቤቴንና ከኋላቸው ስድስት ሰባት ሴቶች አየሁ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር።

“ግቡ” አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ።

“ልጄ፣ እናትሽ አርፋለች” አሉ አባ። “አንቺ ለሰው የምትነግሪውን እኛ ለአንቺ አንነግርሽም።”

ተቀመጥኩ። እነሱም ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። በዚህ አገር መርዶ ሲነገር ቤቱ ይናወጣል፤ የሟች ዘመድ ባይኖር እንኳ ጎረቤት የራሱን ሙት እያነሣ ያለቅሳል። እኔ ቤት ግን አንዲትም ድምፅ አልወጣም። ሁሉም እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ያየኛል። የመጣው ሰው፣ “እግዜር ያጽናዎ” ይላል፣ ይቀመጣል፣ ንፍሮ ይዘግናል፣ ይወጣል። የቤቴ ባለቤት ለአዲስ መጪ ሁሉ፣ “እዩ፣ እንዲህ ነው የእምነት ሰው” ይሉ ነበር።

እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አንዷ ታልቅስ። ለእኔ ሳይሆን ለእሷ። አገሯ ላይ ማን እንዳለቀሰላት አላውቅም፤ የሕማማት ሳምንት ነው፣ ሰዉ በስግደት ላይ ነው፣ ልጇ እኔ እዚህ ነኝ። እኔ ራሴ ላልቅስ ብል አፌ አልከፈት አለኝ። ለብዙ ዓመት የሌሎችን አፍ የዘጋው እጄ የራሴንም ዘግቶታል መሰለኝ።

በሁለተኛው ቀን ወሬው ወደ ሌላ ሄደ።

“ማዳበሪያ መጣ ወይ?” ትላለች አንዷ።

“የት ይመጣል? መኪናው ጎንደር ቆሞ ነው አሉ።”

“የዳባቶቹስ ደርሷቸው የለ?”

“የዳባት ሰውማ ምን ጊዜም ቀድሞ ነው፤ መርዶም ቢታደል ቀድሞ ይሰለፋል።”

ከሳቁ በኋላ እኔን አይተው ደነገጡ። “ይቅርታ፣ እማሆይ።” “ግድ የለም” አልኩ። ግድ ነበረው። እናቴን ረስተዋት አይደለም፤ አያውቋትም።

በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ሰው ሲመናመን ጎረቤቴ ብርጭቆ ልታጥብልኝ ቀረች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ስታጥብ ጠራኋት።

“እህቴ።”

“አቤት፣ እማሆይ።”

“እናቴን አልቅሺልኝ።”

ዞር አለች። “ምን አሉ?”

“ሙሾ አውርጂልኝ። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ነው የሄደ።”

“ሰዉማ እርስዎን ፈርቶ ነው። እኔም ሰኞ ዕለት ሊመጣብኝ ነበር፤ ዋጥኩት።”

“አሁን አትዋጪው።”

“እንደ ጠላ ከጋን የሚቀዳ አይደለ እኮ፣ እማሆይ” አለች። ግን እጇን አደራርቃ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። “እሺ። ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?”

“ደግ ነበረች። ጸሎተኛ።”

“የሞተማ ሁሉ ደግ ነው። ደግ ተብሎ ሙሾ አይወርድም። ሥራቸው ምን ነበር?”

“ሽንኩርት ትነግድ ነበር።”

“ተሸክመው ነው፣ አስጭነው?”

አላውቅም ነበር። ልጅ ሳለሁ ገበያ ስትሄድ እኔ ትምህርት ቤት ነኝ፤ ስትመለስ ጨልሟል። “እንጃ” አልኩ።

“ሲቆጡ ምን ይሉ ነበር? የሚወዱት ነገርስ? የት የት ያማቸው ነበር?”

የማውቀውን ስፈልግ ቆየሁ። በመጨረሻ፣ “ስንደዋወል፣ ብርዱ እንዴት ነው ትለኝ ነበር” አልኳት።

“እርስዎስ ምን ይሏቸው?”

“ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያ ጾሙን እንዳትገድፊ፣ ቁርባን እንዳታዘገዪ እላታለሁ።”

“እሺ፣ ሌላስ?”

ለማንም ያልተናገርኩትን ነገርኳት። ባለፈው ጥቅምት እናቴ ስልክ ላይ፣ “ሳላይሽ ልሞት ነው እኮ፣ ልጄ” ብላ ድምፅዋ ተሰበረ። እኔም፣ “ምን ያስለቅስሻል፣ እማዬ? እዚህ ባንተያይ በትንሣኤ እንተያያለን” አልኳት።

“እሳቸውስ?”

“ብርዱ እንዴት ነው አለችኝ።”

ጎረቤቴ ዓይኗን ጨፈነች። መዳፎቿን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች፤ በአፍንጫዋ ማዜም ጀመረች። ከዚያ አወጣችው፤

“ብርዱ እንዴት ነው ስትል ከሩቅ ሆና…”

ቆመች። ዳግመኛ ጀመረች፣ እዚያው ላይ ቆመች። ሁለተኛው ስንኝ አልመጣም።

“አልሆነም” አለች። “የባሌን እንኳ ሳልጨርስ ነው የቀረሁት፣ እማሆይ። ከዚያ ወዲህ የማንንም ጨርሼ አላውቅም፤ እዚህ ላይ ይቆምብኛል” ብላ ጉሮሮዋን ነካች። ልትወቅሰኝ አልነበረም። የሕመም ቦታ ለሐኪም እንደሚያሳይ ሰው ነበረች።

“ይቅር በይኝ” አልኳት።

“እግዜር ይቅር ይበለን። ሲመጣልኝ እመጣለሁ።”

ብርጭቆዎቹን ደርድራ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ ላይ ጸሎተ ሃይማኖት ሲደርስ፣ የሙታንን ትንሣኤ ተስፋ እናደርጋለን ስንል፣ እኔም ከሕዝቡ ጋር እላለሁ። አልካድኩም። እናቴ እንደምትነሣ አምናለሁ። የሚያስፈራኝ፣ በዚያን ቀን ከተነሣው ሕዝብ ሁሉ መካከል የትኛዋ እንደሆነች እንዳላውቅ ነው። በሕይወት ሳለች ስትነግረኝ ያልሰማኋትን፣ ገና ልታለቅስ ስትል አፏን የዘጋሁትን ሴት በምን ልለያት? ይህን ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። “በዚያ ሁሉም ይተዋወቃል፣ ልጄ” አሉኝ። እኔም ለስንቱ ሰው ብዬዋለሁ። ሲሉኝ ሰማሁት፤ ልቤ ግን አልገባም።

ሃምሳው አልቆ የሰኔ ጾም ገባ። ጎረቤቴን በኪዳን ሰዓት አገኛታለሁ። መጀመሪያ በዓይኔ እጠይቃት ነበር፤ “ገና ነው” ትለኝ ነበር። አሁን ሳልጠይቃት እሷው ራሷን ትነቀንቃለች። ባለፈው እሑድ እሷንም ማስጨነቄን ልተው ብዬ ከቤተ ክርስቲያኑ በሌላው በር ወጣሁ።

ቤት ስገባ ኔትወርክ ነበር። ለወንድሜ ደወልኩ። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ ጠይቄው፣ “እማዬ ሽንኩርቱን ተሸክማ ነበር ወይስ አስጭና?” አልኩት።

“ተሸክማ ነዋ። ምነው አሁን?”

“እንዲያው።”

“ትከሻዋ ላይ የገመዱ ጠባሳ ነበራት እኮ፤ በሁለቱም በኩል። አላየሽውም?”

“አይቼዋለሁ” አልኩት።

አላየሁትም ነበር።