የሯጩ ግብረ አበር

ሽጉጡን የሰጠነው እኛው ነን። የእህቴ ልጅ ባሕር ማዶ ሮጦ ሜዳሊያ ይዞ ሲመለስ ደብረ ማርቆስ ላይ ተቀብለን፣ እስከ መንደራችን አምበር ድረስ አጅበን፣ ያገሩ ሽማግሌዎች መርቀው ወገቡ ላይ አስታጠቁት። በእግሩ ለሚያድር ልጅ ሽጉጥ ምን ያደርግለታል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በእኛ ዘንድ የወንድ ልጅ የክብር ስጦታ መሣሪያ ነው፤ አልቀበልም ማለት ሰጪውን መስደብ ነው። ልጁም ጎንበስ ብሎ ተቀበለና ከመለማመጃ ጫማዎቹ ጋር ቦርሳው ውስጥ ከተተው። «ለታላቅ ወንድሜ ትቼው እሄዳለሁ» ብሎ በጆሮዬ ሹክ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ጠላው መጣ፣ ጭፈራው መጣ። እሱም ረሳው፣ እኔም ረሳሁት።

እኔን ደግሞ አዲስ አበባ ወስዶ ዓይኔን ሊያሳክመኝ ፈለገ። በዚያ ሰሞን ቁጥቋጦው ላሜ መስሎኝ «ነይ፣ ነይ» እያልሁ ጨው ይዤ ስለምናት አይቶኛል። የዓባይ በረሃ መንገድ በናዳ ተዘግቶ ስለነበር ባሕር ዳር ሄደን በአውሮፕላን ለመሄድ ተነሣን። እሱ እኔን ሐኪም ቤት ለሚያደርሰኝ ወዳጁ አስረክቦ ያንኑ ሌሊት ከአዲስ አበባ ለሌላ ውድድር ወደ ውጭ በራሪ ነው፤ ከባሕር ዳር በጊዜ ካልተነሣ ውድድሩ ቀረ ማለት ነው።

ለመንገዱ ጠመንጃዬን ለጎረቤት አደራ ሰጠሁ። ያወቅሁ ሰው ነኝ፤ ጠመንጃ ይዞ አውሮፕላን እንደማይገባ አይጠፋኝም። ካፖርቴን ለበስሁ፣ ጋቢዬን ደረብሁ፣ ሄድሁ።

ፍተሻው ላይ መጀመሪያ የተያዘው የእሱ ቦርሳ ነው። ፈታሿ የመፈተሻውን ማሽን መስኮት አየች፣ ደግማ አየች፣ ፖሊስ ጠራች። ልጁ ግንባሩን በመዳፉ መታ።

«ወይኔ! ለወንድሜ ሳልሰጠው!»

እኔ እቴ፣ ምክር ለመስጠት የማንንም ፈቃድ አልጠብቅም። «አንተ ዝንጉ! መሣሪያ ይረሳል? እኔን አታይም እንዴት ተጠንቅቄ እንደመጣሁ?» እያልሁ በመፈተሻው በር አለፍሁ። በሩ ጮኸ።

ጋቢዬን አስወለቁኝ። ካፖርቴን አስከፈቱኝ። ዝናሬ ወገቤ ላይ ነው፤ ጥይቱ እንደ በቆሎ ፍሬ ተደርድሮበታል።

«አባቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ የጥበቃው አዛዥ።

«መታጠቂያ ነዋ።»

«ጥይት እኮ ነው!»

«ጥይትም አለበት።»

«ጠመንጃውስ?»

«ቤት ነው። ጠመንጃ ይዞ አውሮፕላን ይገባል እንዴ?»

«ታዲያ ጥይቱ ብቻውን ወዴት ይሄዳል?»

«ሱሪዬ ወደሚሄድበት ነዋ፣ ልጄ።»

ውሸት አልተናገርሁም። ከጎልማሳነቴ ጀምሮ ሱሪዬ ከዝናር በቀር ሌላ መታጠቂያ አያውቅም። ጠመንጃው መሣሪያ ነው፤ ዝናሩ ግን ልብሴ ነው። ፈትተው ሲወስዱት ሱሪዬን በእጄ ያዝሁ፤ ያዝሁና ቀረሁ።

አዛዡ ልጁን ቢሮው አስገባው። እኔ በር ላይ አግዳሚ ወንበር ደረሰኝ። በተከፈተው በር አያለሁ፦ ሻይ መጣለት፤ ፖሊሶቹ እየተፈራረቁ አብረውት ፎቶ ተነሡ። አንዱማ ሽጉጡን እንደያዘ ተነሣ።

«ይሄ መርሳት ነው» አለው አዛዡ። «ሽጉጡ እዚህ ይቅር፣ አንተ ሂድ። አባባ ግን ፍርድ ቤት ይቀርባሉ።»

«እኔስ ረስቼ አይደለም?» አልሁ ከደጅ።

«እርስዎማ ታጥቀውት!»

እሱስ እውነቱን ነው። ወገብ ላይ ያለ ነገር ረሳሁ ማለት ትንሽ ያስቸግራል። «ሂድ አንተ፣ ሩጫህ እንዳያመልጥህ» አልሁት ልጁን። «እኔ እንደሆነ የትም አልሮጥም።»

ልጁ ሻዩን አስቀምጦ ወጣና አጠገቤ ተቀመጠ። «አጎቴ ወንጀለኛ ከሆኑ እኔም ነኝ። ሁለታችንንም ጻፉን።»

«ኧረ ተው! ውድድሩስ?»

«ጻፉን ብያለሁ።»

አዛዡ እየተበሳጨ ጻፈን።

ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት ቀረብን። ከእኛ በፊት የተጠራው ፈቃድ የሌለው አሮጌ ጠመንጃ ይዞ መናኸሪያ ላይ የተያዘ ገበሬ ነበር። እስራት ተፈረደበት። ባርኔጣውን ደረቱ ላይ እንደያዘ ወጣ።

ዳኛዋ የታናሿ ልጄ እኩያ ብትሆን ነው። እኔን ገና እንዳየችኝ «እጅዎን ከወገብዎ ያውርዱ» አለችኝ።

«ካወረድሁት ሌላ ክስ ይመጣብኛል፣ ክብርት ዳኛ።»

አቃቤ ሕጉ ለልጁ ተነሥቶ ያገሩን ስም ያስጠራ ጀግና ነውና ቅጣቱ ይቅለልለት አለ። እኔ ዘንድ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠርጎ ተቀመጠ።

«ሁለተኛው ተከሳሽ ማቅለያ አለዎት?»

«ዕድሜ አለኝ። ዓይኔም ደክሟል።»

«ጥይት የታጠቀ ሰው ዓይኑ ደከመ ማለት ማቅለያ ነው ማክበጃ?»

ልጁ ተነሣ። «ክብርት ዳኛ፣ ሩጫ ያስለመዱኝ እሳቸው ናቸው። ልጅ ሆኜ የሽምብራ እሸታቸውን ስሰርቅ ሁልጊዜ ያባርሩኝ ነበር። ለእኔ የሚታሰበው ለእሳቸውም ይታሰብልኝ።»

«ይይዙህ ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ!»

ዝም ማለት አቃተኝ። «ሸሚዙን ይዤ አውቃለሁ! ሸሚዙ እጄ ላይ ቀረ እንጂ!»

ችሎቱ ሳቀ። እኔ ከማሳዬ ዳር አልፌ ሮጬ አላውቅም፤ ቆሜ እየተነፈስሁ እረግመው ነበር። አሠልጣኝ ከተባልሁ ግን ምን አከራከረኝ?

ዳኛዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ሁለታችንንም በማስጠንቀቂያ ለቀቀችን፤ ሽጉጡም ዝናሩም ተወረሰ። ደስ ብሎኝ ስወጣ ያን ባለ ባርኔጣ በደጁ ፈለግሁት፤ ወስደውታል። እሱም ማሳ ሳይኖረው አይቀርም፤ ከማሳው የሰረቀው ልጅ ግን ሯጭ አልወጣለትም። ሳቄ እዚያ ላይ ትንሽ ቆመ።

«የአመሻሹ በረራ አለ፣ ይፍጠኑ!» አለኝ ልጁ።

«በምን እጄ?» ብዬ ሱሪዬን አሳየሁት። ቁጢጥ አለ፣ የአንድ እግሩን ጫማ ማሰሪያ መዘዘ፣ ካፖርቴን ከፍቶ አቀፍ አድርጎ ሱሪዬን ወገቤ ላይ አሰረልኝ።

አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ፈታሿ ገና ስታየኝ ፈገግ አለች። «አባባ፣ አሁንስ ምን ታጥቀዋል?»

«የሻምፒዮን ማሰሪያ» ብዬ አለፍሁ። በሩ ጭጭ አለ።

ወደ አውሮፕላኑ ሲጠሩን ልጁ ቀደመ፤ ግን ያ ያልታሰረው ጫማ እየወለቀበት ይጎተታል። እኔ ጋቢዬን ሰብስቤ ተከተልሁት። ደረጃው ሥር ስንደርስ ኮሌታውን ያዝሁት። በዕድሜዬ ሙሉ ያን ቀን ነው የደረስሁበት።